ወተት ጠጥቶ የጃርዲያ መድኃኒት

ፋሲካ ባለፈ ሳምንት መድኃኒት ቤታችን የሚመጣው ጥያቄ ከዓመት ዓመት ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ጃርዲያዬ ተነሥቷል፤ ሜትሮኒዳዞል ስጪኝ።» ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። የጠያቂው ሆድ ተነፍቷል፣ ያጉረመርማል፣ አስቀምጦታልም። ምን በላህ ስለው ዶሮውንና ክትፎውን ይዘረዝራል። ጠዋት የጨለጠውን ወተት ግን ካልጠየቅኩት አያነሣውም።

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። እንዳለ ወደ ደም አይገባም፤ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ግሉኮስና ጋላክቶስ አድርጎ ለሁለት ሊከፍለው ይገባል። ኢንዛይሙ በሥራው አያልቅም፤ አንዱን ከፍሎ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ቁም ነገሩ ሰውነት ምን ያህል ያመርታል የሚለው ነው። ሕፃን ሳለን በብዛት እናመርታለን። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በብዙ ሰው ዘንድ ምርቱ ይቀንሳል፤ ከዓለም ዐዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ያልተከፈለው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም ያቦኩታል። ጋዙ ከዚያ ነው።

ብዙዎች ጥፋቱን በጾሙ ላይ ይጥላሉ፦ «ሁለት ወር ሙሉ ስላልጠጣሁ ሆዴ ረሳው።» የላክቴዝ ምርት ግን ወተት ስለጠጣን አይጨምርም፣ ስለጾምንም አይጠፋም። (የአንጀት ባክቴሪያዎች ወተትን መልመዳቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ አባባሉ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም።) ምርቱን የሚያዘው ከላክቴዝ ዘረመል አጠገብ ያለ መቆጣጠሪያ ሲሆን፣ እዚያ ላይ የተፈጠረ ለውጥ የወረሰ ሰው እስከ እርጅናው ያመርታል። አውሮፓ ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው አንድ ዓይነት ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ግን እኛ አገር በየራሳቸው የተነሡ በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን እንዳሉ አሳይቷል። ከብትና ግመል ሲያረባ ለኖረ ሕዝብ ይህ አይገርምም። አንድ ቤት ውስጥ ወንድም ሊትር ጠጥቶ ምንም ሳይሆን እኅት በብርጭቆ ብትታመም፣ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ሜትሮኒዳዞል ለዚህ አንዳች አያደርግም፤ አፍን ብረት ብረት ከማለት በቀር። ያለ ቦታው ሲዋጥ ደግሞ ጀርሞች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያግዛል። እርግጥ እውነተኛ ጃርዲያም አንጀትን ጎድቶ ላክቴዝን ለጊዜው ያሳንሳል። የሰገራ ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደም ካለበት፣ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ቀጥታ ወደ ሐኪም።

ሌላውን ሰው ግን «ወተቱን ለጥቂት ቀን ተው፣ እርጎ ሞክር» እለዋለሁ፤ እርጎን ያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ የተወሰነውን በልተውታል። አይብም ቢሆን ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ወጥቶለታል። ማኪያቶ ላይ የምትፈስ ትንሽ ወተትም አብዛኛውን ሰው አትጎዳም።

ብዙዎቹ ቅር ብሏቸው ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ይገባሉ፣ እዚያም ያለ ማዘዣ ይሸጥላቸዋል። ባልደረቦቼ፣ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት «ወተት ጠጥተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ።