ኪራዩ ቤቱን አይከፍልም

ባልቲሞር ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ብትርቅ ነው። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ ካፌዎቻችን፣ በሠርግ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ዕቁብ በሚጣልበት ቤት ስሟ በተነሳ ቁጥር ወሬው ወዲያው የቤቶቿ ዋጋ ላይ ያርፋል። እዚህ ጠባብ ኮንዶ በማይገዛ ገንዘብ እዚያ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ከነምድር ቤቱ ይገኛል። የተዘጋ፣ ባንክ የወረሰው፣ በግብር ዕዳ ጨረታ የወጣበት ቤት ግዛ፤ ጠጋግነው፤ አከራየው፤ ኪራዩ ራሱ ቤቱን ይከፍልልሃል፤ አንተ ተኝተህ ታድራለህ። ምክሩ ይህ ነው። በዩቲዩብ ይሰበካል፤ አዳራሽ ተከራይተው እያስከፈሉ የሚያስተምሩትም አሉ። እኔ ይህ ምክር የሚቀበለውን ሰው ያከስራል፣ ምንም ያላጠፋ ሌላ ሰው ደግሞ ያሳምማል እላለሁ።

ምክሩን የሚከተሉት ሰነፎች አይደሉም። ሌሊት ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዱ የሚያድሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ሽፍት የሚሠሩ፣ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ አሜሪካ ውስጥ ከአባት ከእናት የወረሱት ነገር የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ጡረታቸው ያሳስባቸዋል፤ አገር ቤት እጃቸውን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ዕቁቡ ደርሷቸው ገንዘቡን የት ላድርገው ሲሉ፣ ቤት የሚለው መልስ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል። ቤት ይዳሰሳል፣ ይታያል፣ ለልጅ ይተላለፋል። ይህን ፍላጎት አልነቅፍም። የምነቅፈው ፍላጎቱን ተንተርሶ የሚሸጥላቸውን ስሌት ነው።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። ቤቱ በ60,000 ዶላር ተገዛ እንበል፤ ዕድሳቱ 70,000 ወሰደ፤ ከጠቅላላው 100,000ው በ8 በመቶ ወለድ የተበደሩት ነው። ኪራዩ በወር 1,500፣ በዓመት 18,000 ይሆናል። የባልቲሞር የንብረት ግብር በየ100 ዶላሩ 2.248 ዶላር ነው፤ ከዙሪያው ካውንቲዎች እጥፍ ያህል ማለት ነው። ከተማው ቤቱን 100,000 ብሎ ቢገምተው የስቴቱ ድርሻ ተጨምሮ 2,400 ገደማ ሄደ። ኢንሹራንስ 1,800። ቤቱን ለባለቤቱ የሚያስተዳድርለት ድርጅት ከኪራዩ 10 በመቶ ቢወስድ ሌላ 1,800። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ የአንድ ወር ኪራይ፣ 1,500። ለጥገና 3,000 ብቻ እንያዝ። እጁ ላይ የቀረው 7,500 ነው። የብድሩ ወለድ ደግሞ 8,000። ሁሉም በሰላም ባለፈበት ዓመት ባለቤቱ ከኪሱ 500 ዶላር ጨምሯል፤ ዋናው ዕዳ ገና አልተነካም። በጥር ብርድ ቦይለር የቆመበትን ዓመት ገና አላነሳሁም።

አሁን ይህ ሰው ምን ያደርጋል? ግብሩን መቀነስ አይችልም። ባንኩ አይምረውም። ኢንሹራንሱ በእሱ ፈቃድ አይወርድም። ከዝርዝሩ ውስጥ በእጁ ያለችው አንዲቷ መስመር ጥገና ናት፤ ትርፉም የሚወጣው ከእሷ ነው። ጣሪያው ለከርሞ ይቆያል፤ የሚያፈሰው ቧንቧ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ ምድር ቤቱ የሸተተው ተከራዩ ስለማያናፍሰው ነው ይባላል። ትርፍ ተብሎ የሚቆጠረው ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው፤ ሂሳቡንም የሚከፍለው እዚያ ቤት የሚያድረው ሰው ነው።

እንዴት እንደሚከፍል በአንድ መስኮት ላሳይ። እነዚህ ተደጋግፈው የቆሙ የጡብ ቤቶች በአብዛኛው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ናቸው፤ በዘመኑ የነበረው የቤት ቀለም ደግሞ ሊድ የተባለው መርዘኛ ብረት ነበረበት። ባልቲሞር ይህ ቀለም ቤት ውስጥ እንዳይቀባ እ.ኤ.አ. በ1951 ከለከለች፤ አሜሪካ በጠቅላላው የከለከለችው በ1978 ነው። የድሮው መስኮት ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ነው የሚከፈተው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እንጨቱ ከእንጨት ይፋተጋል፤ ከላዩ ስንት ጊዜ አዲስ ቀለም ቢደረብም ከሥር ያለው አሮጌ ቀለም ዱቄት ሆኖ ደፉ ላይ ይረግፋል። የሁለት ዓመት ልጅ ቆማ መንገድ ስታይ እጇን የምታሳርፈው እዚያው ደፍ ላይ ነው። ከዚያ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ሊድ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ የተጎዳውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ሕክምና የለም። በ2015 በባልቲሞር ፖሊስ እጅ ከወደቀ በኋላ ሕይወቱ ያለፈው ፍሬዲ ግሬይ፣ ልጅ ሳለ ደሙ ውስጥ ሊድ ተገኝቶ ቤተሰቡ የቤቱን አከራይ ከስሶ ነበር። መስኮቱን ነቅሎ መቀየር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ርካሹ ኮንትራክተር ግን አሮጌውን ቀለም በደረቁ ፈግፍጎ፣ ብናኙን ቤቱ ውስጥ በትኖ፣ ነጭ ቀለም ደርቦበት ይሄዳል። ፎቶው ላይ ያምራል።

ግድግዳውም የጋራ ነው። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው የተቀበረው ከጎረቤት ጋር በሚጋሩት ጡብ ውስጥ ነው። ጎረቤቱ ቤት ባዶ ሆኖ ጣሪያው ከተቀደደ፣ ዝናቡን የጠጣው ጡብ እርጥበቱን ወደዚህኛው ወገን ያሻግረዋል፤ የእንጨቶቹ ጫፍም ሳይታይ ይበሰብሳል። የራስህን ጣሪያ ብታድስ የጎረቤትህን ጣሪያ አታድስለትም። በከተማዋ እንዲህ ያሉ ባዶ ሕንፃዎች ከ10,000 በላይ ናቸው። በጥር 2022 ስትሪከር ስትሪት ላይ አንድ ባዶ ቤት ሲቃጠል ተደርምሶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል።

ሕጉ አለ። ከ1978 በፊት የተሠራ የኪራይ ቤት በሜሪላንድ መመዝገብና ለሊድ መመርመር አለበት፤ ከ2019 ጀምሮ ባልቲሞር ውስጥ አንድ ቤት እንኳ የሚያከራይ ሰው ተፈትሾ ፈቃድ ሳያወጣ ኪራይ መቀበል አይችልም። በካፌው ወሬ ውስጥ ግን ስለዚህ ፈቃድ ሲነሳ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። የሚወራው ኤልኤልሲ የተባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ስለማቋቋም ነው፤ ተከራይ ቢከስስ የራስ ንብረት እንዳይነካ።

የቤቶቹ ርካሽነትም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ባልቲሞር በ1910 ጥቁርና ነጭ በየትኛው ብሎክ መኖር እንደሚችል የሚወስን ሕግ አወጣች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1917 እንዲህ ያለውን ሕግ ቢሽረውም፣ በ1930ዎቹ የመንግሥት ካርታዎች የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ከልለው ለብድር የማይታመን አሉት። ብድር ያጣ ሰፈር ጣሪያውን አያድስም። ምክሩ በሚያነሳው የግብር ጨረታ ላይም የሚሸጠው የባለቤቱ ዕዳ ነው፤ ባለቤቱ ዕዳውን ከነወለዱ ከፍሎ ካላስመለሰው ገዢው ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን ሊወስድ ይችላል። ከእነዚህ ባለቤቶች ውስጥ ከእናታቸው የወረሱትን ቤት ይዘው ግብሩ ያቃታቸው አዛውንቶች አሉ። ቤት ንብረት ተቀምቶበት የተሰደደ ሰው ባለበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ እንደ ተራ ዕድል ሲወራ ስሰማ ያመኛል።

ቤቱ ባዶ ሆኖ ከሚፈርስ እኛ ብንይዘው አይሻልም ወይ የሚሉኝ አሉ። በእርግጥ ይሻላል፤ በትክክል ከተያዘ። እንዲህ የሚይዙትን አውቃለሁ። አናጢ ወይም ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፣ ወይም እዚያው ሰፈር ይኖራሉ፤ ተከራያቸው ሲደውል በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ። እነሱ ግን ተኝተው አያድሩም። የሚያገኙት ገንዘብ የላባቸው ዋጋ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ኪራዩ ቤቱን ይከፍላል ሲባል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ደለስ አየር ማረፊያ የታክሲ ወረፋ ላይ ያለ ሰው፣ «ኮርኒሱ እያፈሰሰ ነው» የሚል መልእክት ሲደርሰው ምን ያደርጋል? ወረፋውን ጥሎ ቢሄድ የቀኑን ገቢ ያጣል። ባይሄድ ተከራይዋ ሴት ከነልጆቿ ባልዲ ደቅና ታድራለች። ክፋት ስላለበት አይደለም የማይሄደው፤ ጊዜውን አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ስለሸጠው ነው። የነገሩት ስሌት ደግሞ የእሱን ሰዓት አንዴም ቆጥሮት አያውቅም።

ከተማዋ ራሷ ይህን ከኛ መካሪዎች በተሻለ ታውቀዋለች። በ1970ዎቹ ኦተርባይን በሚባለው ሰፈር የፈራረሱ ቤቶችን በ1 ዶላር ስትሰጥ፣ ወሳጁ ራሱ አድሶ ራሱ እንዲኖርበት ግዴታ አስገብታ ነበር። በ2024 ከራሷ ባዶ ቤቶች የተወሰኑትን እንደገና በ1 ዶላር ለነዋሪ ለመሸጥ ስትወስን፣ ገዢው ለዕድሳት 90,000 ዶላር እንዳለው እንዲያሳይና እዚያው እንዲኖር ጠይቃለች። ቤቱ 1 ዶላር፣ ዕድሳቱ 90,000። የእኛ አዳራሾች ውስጥ የሚታየው ግን የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አስተማሪውን ስለራሱ ቤቶች ጠይቁት። ያለፈውን ዓመት የጥገና ደረሰኝ፣ የሊድ ምርመራውን ወረቀት፣ የከተማውን የኪራይ ፈቃድ ያሳያችሁ። ከተከራዮቹ አንዷን፣ እሷ ፈቃደኛ ከሆነች፣ እሱ በሌለበት አነጋግሯት። መስኮቶቹን ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝጓቸው፤ ደፉን በእጃችሁ ዳስሱት። ይህን ሁሉ ካላስደረጋችሁ የዕቁብ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።