ኦቾሎ በሰማይና በምድር

የቦታ ደላሎች «አርባ ምንጭ እኮ አንድ ሰዓት ናት» ይላሉ። አልዋሹም። ከቦሌ አርባ ምንጭ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርሳል። ነገር ግን በዚያች አንድ ሰዓት የሚሄደው ገዢው እንጂ ሙዙ አይደለም።

ኦቾሎ ተራራው ላይ ናት። ሙዙ ያለው ከግርጌዋ፣ በአባያ ሐይቅ በኩል፣ ኦቾሎ ላንቴ ቆላ ላይ ነው። ከዚያ የተቆረጠው ሙዝ በአይሱዙ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። ከአርባ ምንጭ ያለው መንገድ በሆሳዕና ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በሻሸመኔ 500 ያህል ነው። ሙዙ በአረንጓዴው የሚቆረጠውም ለዚሁ ነው፤ የሚበስለው አዲስ አበባ፣ ጅምላ ነጋዴው ቤት ነው። የአውሮፕላን ጭነት ሒሳብ የሙዝ ዋጋ አይችለውም። መኪናው መንገድ ላይ አንድ ቀን ሊያድር ይችላል የሚለው ስጋት ደግሞ አስቀድሞ የሚቀነሰው ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው።

ያቺ አንድ ሰዓትስ ብትሆን! ቀድሞ ቦሌ መገኘቱ፣ ፍተሻው፣ ሻንጣ መጠበቁ ሲደመር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያም ሆኖ ለቱሪስት ሆቴል የሚሠራ ባለሀብት በበረራው ቢያሰላ ያስኬደዋል። ላንቴ ላይ የሙዝ እርሻ ሊይዝ የሚደራደረው ግን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የአይሱዙ ሹፌር ፈልጎ ይጠይቅ፤ በየትኛው መንገድ ነው የምትወጣው? የት ላይ ተበላሽቷል? ስንት ኬላ አለ? ማታ ይነዳል ወይ?