ሰልባጅ፦ በነፃ የሰጠነው ልብስ የማን ገበያ ነው?

አሜሪካ ውስጥ ለተቸገረ ይድረስ ብለን ሳጥን ውስጥ ከምንጥለው ልብስ ብዙው ለጅምላ ነጋዴ ይሸጣል። ነጋዴው ይለየዋል። ምርጡ «ቪንቴጅ» ተብሎ ለሱቆች በውድ ይሄዳል፤ ከተረፈው ከፊሉ በቦንዳ ታስሮ ወደ አፍሪካ ይጫናል። እዚያ ቸርቻሪዋ ቦንዳውን ሳትፈታ ትገዛለች፤ ተቀዳዶ ቢገኝ ኪሳራው የሷ ነው።

ሩዋንዳ የራሷን የልብስ ኢንዱስትሪ ላሳድግ ብላ እ.ኤ.አ. በ2016 የሰልባጅን ቀረጥ በኪሎ ከ0.20 ወደ 2.50 ዶላር ከፍ አደረገች። አሜሪካ ደግሞ በ2018 የሩዋንዳን ልብስ ከአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች።

እኛ የምንለው፦ ልብስ መስጠቱ ደግ ነው። «ይብቃኝ» ያለን አገር መቅጣት ግን ልግስና ሳይሆን ገበያ ማስከበር ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?