አንበጣን ክንፉ ሳይጠነክር

ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ከየመን በኩል ወደ አገራችን የገባው የበረሃ አንበጣ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በወሎና በራያ በደረሰ ሰብል ላይ ሰፍሮ ያደረሰው ጥፋት ከገበሬው የሚረሳ አይደለም። ሕዝቡ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ ጅራፍ እያጮኸ መንጋውን ለማባረር ያደረገው ርብርብ የሚደነቅ ነበር። ሆኖም ከአንዱ ቀበሌ የተባረረ መንጋ በሚቀጥለው ይሰፍራል እንጂ አይሞትም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት የገበሬ ማኅበር መሪዎች የአንበጣው የበረራ ኃይል ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ይገባቸዋል።

የአንበጣ ደረት በአብዛኛው በጡንቻ የተሞላ ነው። ሁለት ጥንድ ክንፎቹን በሴኮንድ 20 ጊዜ ያህል የሚያርገበግበው ይኸው ጡንቻ ሲሆን፣ ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች እስከ ውስጡ ዘልቀው አየር ያደርሱለታል። ሲነሣ በመጀመሪያ በደሙ ያለውን ስኳር ያነዳል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ግን ወዳጠራቀመው ስብ ይሸጋገራል። ሩቅ የሚያደርሰው ስቡ ነው። ነፋስ ሲያግዘው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በጥቅምት 1981 ዓ.ም. ከምዕራብ አፍሪካ የተነሣ መንጋ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ውቅያኖስ በ10 ቀን ገደማ አቋርጦ ካሪቢያን ደርሷል። እንዲህ ያለውን ፍጡር በጩኸት ከአገር ማስወጣት አይቻልም። ቆርቆሮ መደብደብ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ መንጋውን ለአንድ ቀንም ቢሆን ማዘግየት ለአጨዳ ጊዜ ይሰጣል።

ይህ ጡንቻ ሙቀት ካላገኘ አይሠራም። መንጋው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቆ የሚነሣው ከወጣች ከሁለትና ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ በደጋና በደመናማ ቀን ደግሞ ይዘገያል። የመሬት ላይ ርጭት የሚሠምረው በዚህች ጊዜ ነው። ማታ የት እንዳደረ ያልታወቀ መንጋ ጠዋት አይደረስበትም። ስለዚህ ማኅበሩ ሲመሽ ወጣቶች ልኮ ማደሪያውን ማረጋገጥና በዚያው ሌሊት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ አለበት።

ከዚህ የሚሻለው ግን ኩብኩባው ነው። ክንፍ ስለሌለው በአማካይ አምስት ሳምንት ያህል እየተፈናጠረ በእግሩ ይጓዛል። የመጨረሻ ቆዳውን ጥሎ ክንፍ ካወጣም በኋላ እስከ 10 ቀን ድረስ ክንፉ ለስላሳ፣ ጡንቻውም ያልዳበረ ስለሆነ ሩቅ አይበርም። የሰፈረው መንጋ ሮዝ ከሆነ ገና አልበሰለም። ቢጫ ከሆነ ግን እንቁላል ሊጥል ደርሷልና፣ እርጥብ አሸዋማ መሬት ላይ ያረፈበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። ይህንን በቆላው የሚጠብቁት በአብዛኛው እረኞች ናቸው፤ ማኅበሩ ወሬ የሚቀበልበት ሰው ከእነርሱ መካከል ቢመድብ መልካም ነው።

ርጭት ሲታሰብ ለንብ አናቢዎች ቀፎአቸውን እንዲያርቁ አስቀድሞ ይነገር። መድኃኒት የነካውን አንበጣም ለዶሮ መስጠት አይገባም።