በሲኒ ስም ተሽጦ ምጣድ የሚያህለው ዓሣ

በአሜሪካና በአውሮፓ የቤት ዓሣ መሸጫዎች «የሻይ ሲኒ ስቲንግሬይ» እየተባለ የሚሸጥ ጠፍጣፋና ክብ ዓሣ አለ። ወርዱ ከሰው መዳፍ እምብዛም አይበልጥም። አሸዋ ውስጥ ሲቀበር የሚታዩት ዓይኖቹና ከዓይኖቹ ኋላ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ቀዳዳዎቹ ውሃ ለመሳብ ከፈት ክድን ይላሉ። የምድር ትል ሲጣልለት ከአሸዋው ብድግ ይልና አክንባሎ በምጣድ ላይ እንደሚደፋ ትሉ ላይ ይደፋበታል። አፉ በሆዱ በኩል ስለሆነ ሲበላ አይታይም። የገዢው ልብ የሚሸፍተው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ የሚባል ዝርያ ግን የለም። «የሻይ ሲኒ» ነጋዴ ያወጣው ስም ሲሆን፣ በዚህ ስም የሚሸጡት የተለያዩ ዝርያዎች ግልገሎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሞቶሮ ሲያድግ ጅራቱ ሳይቆጠር ወርዱ ግማሽ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የእንጀራ ምጣድ አከለ ማለት ነው። ይህን እያወቁ በሲኒ ስም መሸጥ ገዢን ማታለል ነው፤ ዓሣውን ደግሞ በጠባብ ገንዳ ቀስ በቀስ መግደል ነው።

የእነዚህ ዓሦች አገር ደቡብ አሜሪካ ነው፤ በአማዞን፣ በኦሪኖኮና በፓራና ወንዞች ይኖራሉ። የዘር ሐረጋቸው ከባሕር የመጣ ነው። የባሕር ዘመዶቻቸውና ሻርኮች በደማቸው ዩሪያ አጠራቅመው ጨዋማውን ውሃ ይቋቋማሉ፤ የወንዞቹ ግን ይህን ችሎታ አጥተዋል። ገላቸው ቅርፊት የለውም፤ አሞኒያንም አይችሉም። ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው። ዓሣ የሚያስወጣውን አሞኒያ የሚያመክኑት ባክቴሪያዎች በአዲስ ማጣሪያ ውስጥ እስኪባዙ ሳምንታት ይፈጃል። ገንዳውንና ስቲንግሬዩን በአንድ ቀን ገዝቶ የሚገባ ሰው ዓሣውን መርዝ ውስጥ እየከተተው ነው።

ገንዳው ከቁመቱ ይልቅ ወለሉ መስፋት አለበት፤ ላደገ ሞቶሮ 1000 ሊትር ገደማ ይፈለጋል። ውሃው ብቻ አንድ ቶን ይመዝናልና የቤቱ ወለል መቻሉ አስቀድሞ ይታይ። አሸዋው ደቃቅ ይሁን፤ ዓሣው ማሞቂያ ላይ ተኝቶ እንዳይቃጠልም ማሞቂያው መከለያ ይደረግለት።

ታዲያ የቱ ይመረጥ? ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ሊዮፖልዲ የተባለው ዝርያ ዓይን ይስባል። በተፈጥሮ የሚገኘው በብራዚሉ የሺንጉ ወንዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ፣ እሱን ጨምሮ ሰባት የደቡብ አሜሪካ ስቲንግሬይ ዝርያዎች ንግዳቸው በፈቃድ እንዲሆን ተወስኗል። ዋጋውም ውድ ነውና የጀማሪ መማሪያ አይሆንም። «አነስ ይላሉ» ተብለው ለጀማሪ የሚታጩት መረብ መሰል ጥለት ያላቸው ዝርያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወንዝ የተያዙ ናቸው። ተርበውና ተጎሳቁለው ስለሚደርሱ ምግብ ማስለመዱ ልምድ ይጠይቃል።

የሚሻለው ሞቶሮ ነው፤ እሱም ቢሆን በሰው እጅ ተወልዶ ያደገው፣ ወርዱም 15 ሴንቲሜትር ያለፈው። ሌላ ትልልቅ ዓሣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያላኖረ ሰው ግን እሱንም ባይሞክር ይመረጣል።

ገዢው ሻጩን «እስቲ አሁን መግበው» ይበለው። ጤነኛ ስቲንግሬይ ምግብ ሲሸተው ዝም አይልም። ከጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ዳሌው ከወጣ ርቦታል፤ የገላው ጠርዝ ወደ ላይ ከተጠቀለለ ብዙውን ጊዜ ከሞት አፋፍ ላይ ነው።

ጅራቱ ላይ ያለው እሾህ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፤ መርዝም አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 በፓራና ወንዝ ላይ የተሠራው የኢታይፑ ግድብ ውሃ የሴቴ ኬዳስን ፏፏቴ ሲውጠው ስቲንግሬዮች ወደ ላይኛው ፓራና የሚወጡበት መንገድ ተከፈተላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በአካባቢው የሚወጉ ዓሣ አጥማጆችና ዋናተኞች ታይተዋል። የተወጋ ሰው ቁስሉን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ቢነክር ሕመሙ ይታገስለታል፤ ሐኪም ቤት መሄዱ ግን አይቀርም። ሕፃናት ባሉበት ቤት ክዳን የሌለው ገንዳ ፈጽሞ አይታሰብ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቴክሳስና በካሊፎርኒያ እነዚህን ዓሦች በቤት ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው። ገንዳው ሲጠበው ወደ ወንዝ መልቀቅም መፍትሔ አይደለም፤ ሲንጋፖር ውስጥ ከአገሩ ርቆ የተለቀቀ ሞቶሮ በውሃ ማጠራቀሚያ ግድብ ተገኝቷል።

ሻጮች ከዋጋው ጎን አንድ ቁጥር ይጨምሩ፤ ዓሣው ሲያድግ ወርዱ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚደርስ ይጻፉ። ገዢም ይህ ቁጥር ካልተጻፈለት ገንዘቡን ከኪሱ አያውጣ።