የግድግዳ ላይ መብት

«ኩባንያዎች ለሰብዓዊና ለሠራተኛ መብት የገቡትን ቃል በተግባር እንዲያውሉ ማገዝ» የሚባል ሥራ አለ። አማካሪ ይቀጠርበታል፣ ሥልጠና ይሰጥበታል፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ የሻይ ዕረፍት ያለው ዐውደ ጥናት ይካሄድበታል። ሥራው በጎ ነው። ችግሩ እስካሁን ያየነው እገዛ አብዛኛው ኩባንያው ወረቀቱን እንዲያሳምር የረዳ እንጂ የሠራተኛውን ኑሮ የነካ አለመሆኑ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከሐዋሳ ልጀምርና ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ ልምጣ። የእኛ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ይዟቸው ከመጡት ስሞች ትልቁ ፒቪኤች ነበር፤ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉትን ልብሶች የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ። ፒቪኤች ለአቅራቢዎቹ ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ አለው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «የጋራ ቃል ኪዳን» እንደማለት ነው። ቆንጆ ርዕስ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል ፓርኩን አጥንቶ ያወጣው ሪፖርት ግን የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ነገረን። እዚያው ሪፖርት ላይ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነው። ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ የእኛ የመጨረሻው ነበር።

ልብ በሉ፣ 26 ዶላር በመክፈል ማንም ሕግ አልጣሰም። ነገሩ የሚያስቆጨውም ለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የለም። የውጭ ገዥዎች መመሪያ ስለ ደመወዝ ሲናገር መለኪያው በአብዛኛው የአገሩ ሕግ ነው፤ የአገሩ ሕግ ደግሞ ዝም ብሏል። ኦዲተሩ መጥቶ የደመወዝ መዝገቡን አገላብጦ «ተሟልቷል» ብሎ ቢፈርም አልዋሸም። ልጅቷ ግን ለቤት ኪራይ ከፍላ ሽሮ መግዣ አጥታለች። ሁለቱም በአንድ ቀን እውነት ናቸው።

ያው ሪፖርት ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን ሙሉ በሙሉ ሲተኩ እንደነበርም ይናገራል። ይህን ለመረዳት የጎጃም ገበሬ ጥናት አያስፈልገውም። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን አቅጥኖ፣ ንፍሮውን አሳንሶ ቢያቀርብ በዚያ ቀን ማንም አይጣላውም። አጭደውለት፣ መርቀውት ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራ ግን አንዱ ከብት ጠፋብኝ ይላል፣ ሌላው ለቅሶ አለብኝ ይላል። የሐዋሳ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አሠሪዎች «የሥራ ባህል የላቸውም» እያሉ ሲያሟቸው ከረሙ።

መጨረሻው ይታወቃል። ጦርነቱ ሲባባስ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፤ ምክንያቱ የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው ተባለ። በሰብዓዊ መብት ስም እንጀራቸውን ያጡት ግን ጦርነቱን ያላወጁት የልብስ ሰፊ ልጆች ናቸው። በውጭ ገዥ ቃል ኪዳን ላይ የተንጠለጠለ መብት ገዥው ሻንጣውን ሲያነሳ አብሮት ይሄዳል።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚያሳስት ካራቺን ያየ ያውቃል። እኛ እንቁጣጣሽ ብለን 2005 ዓ.ም.ን በተቀበልንበት ቀን በዚያች ከተማ አሊ ኢንተርፕራይዝ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ፋብሪካው ከሳምንታት በፊት ኤስኤ 8000 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሠራተኛ መብት የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመጣው «አኮርድ» የተባለው ስምምነት ግን ከቀድሞዎቹ የተለየ ነበር። ገዥ ኩባንያዎቹ ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር በሕግ የሚያስገድድ ውል ፈረሙ፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ የምርመራ ውጤት ለሕዝብ ይወጣ ጀመር፤ ጉድለቱን አላስተካክልም ያለ ፋብሪካ ገበያውን አጣ። እገዛ ስል ይህን ነው የምለው፤ ጥርስ ያለው።

አንድ ጊዜ የአንድ ድርጅትን የሥነ ምግባር መመሪያ ወደ አማርኛ እንድመልስ ሥራ አግኝቼ ነበር። ፍሪላንስ ጋዜጠኛ የማይሠራው የለም። ስለ ቅሬታ አቀራረብ የሚናገረው ክፍል ሠራተኛው በኢሜይል እንዲጽፍ ያዛል። ኢሜይሉን የሚያነበው ደግሞ ራሱ የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ጫኝና አውራጅ በስንት ሰዓቱ ኢሜይል ከፍቶ አለቃውን ለአለቃው እንደሚከስ ጠየቅሁ። «እሱ የአንተ ሥራ አይደለም፣ ተርጉም» ተባልሁ። ተረጎምሁ፣ ተከፈለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የዘይት ፋብሪካም እዚያው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ደብልዩ ኤ የዘይት ፋብሪካ አለ። እነዚህን ስጠራ አንዱንም በምንም አልከስም፤ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የዘይት ፋብሪካ ዋና ገበያው አገር ውስጥ ነው። ዘይቱን የምንገዛው እኔና እናንተ ነን። ፓኬጁን አገላብጠን «ይህን የጫነው ሰው ስንት ተከፈለው?» ብለን እናውቃለን? ሐዋሳ ቢያንስ መመሪያ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል የውጭ ገዥ ነበረው። የአገር ውስጥ ገበያ ግድግዳው እንኳ ባዶ ነው። ወደ መተማ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርደውን የደጋ ልጅማ ተዉት። ሰሊጡ ባሕር ይሻገራል፤ ስለ እሱ የሚጠይቅ ኦዲተር ግን ደላላው እስከቆመበት መናኸሪያ ደርሶ አያውቅም።

«የተባበሩት መንግሥታት መርሖዎች አሉ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በ2003 ዓ.ም. ጸድቀዋል፤ ሐሳባቸውም ቀላል ነው። ኩባንያ በሥራው ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ያጣራ፣ ያስተካክል፣ ያደረገውንም ይናገር ይላሉ። ግን አያስገድዱም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አስገዳጅ የሚያደርግ ሕግ በ2016 ዓ.ም. አወጣ፤ ገና ሥራ ላይ ሳይውል ግን ራሳቸው ሊያሳንሱትና ሊያዘገዩት ተነሱ። ብራሰልስን ጠብቆ ቡሬ ላይ መብት አይከበርም።

ደግሞስ ለምን እንጠብቃለን? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እኮ በእጃችን ነው። ከብዙ የውጭ መመሪያ ይሻላል። የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ ሁለት እጥፍ ተኩል ይከፈልበታል። ወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። 10 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በሥራ ሰዓት ሳያስታውቅ ፋብሪካ መግባት ይችላል። ይህ ሁሉ ሕግ ነው፤ የማንም ኩባንያ ቸርነት አይደለም።

እዚያው አዋጅ ላይ ዝቅተኛውን ደመወዝ አጥንቶ የሚወስን፣ መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ? የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየሜይ ዴይ ይጠይቃል፤ መልሱ «እየተጠና ነው» ነው። መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ግን በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መነሻውን ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አድርጓል። ይህም ቢሆን በወቅቱ ገበያ የሚያኩራራ አልነበረም። ግን ለጽዳት ሠራተኛው በቀበሌ ሲሠራ ወለል አለው፣ አጥሩን ተሻግሮ ፋብሪካ ሲገባ የለውም። ለዚህ ምን ዓይነት ምክንያት ይሰጣል?

አውቃለሁ፣ «አገሩ ጦርነት ላይ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፋብሪካው መቆሙ ራሱ ተአምር ነው፣ አንተ ስለ ትርፍ ሰዓት ታወራለህ» የምትሉኝ አላችሁ። የባለሀብቱን ጭንቀት አልክድም። ነገር ግን ጎጃም ውስጥ ላለፉት ዓመታት መንገዱ ሲዘጋ ሥራ ቦታው አድሮ ማሽኑን የጠበቀው ማን ነው? ጥሬ ዕቃ ሲቋረጥ ያለ ደመወዝ ሂድ የሚባለው ማን ነው? በችግር ጊዜ መብት ይዘግይ ማለት ችግሩን ጠቅላላ ለቀን ሠራተኛው አሸክመው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት መርሖዎችም ቢሆኑ ግጭት ባለበት አካባቢ መንግሥት ለኩባንያዎች ይበልጥ ይቅረብ፣ ይበልጥ ይጠንቀቅ ነው የሚሉት።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ የዓለም ሥራ ድርጅት «ሲራዬ» ብሎ በጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ፋብሪካዎች የጀመረው ፕሮግራም ቢያንስ ፋብሪካውን፣ መንግሥትንና የሠራተኛ ማኅበሩን አንድ ላይ ለመያዝ የሞከረ ነው። ለጋሽ ወይም አማካሪ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ የምለው ይህ ነው። ቀጣዩን የሆቴል አዳራሽ ሰርዙት። በዚያ ገንዘብ ለዞኑ ተቆጣጣሪ ሞተር ሳይክልና ነዳጅ ግዙለት። ለፋብሪካ ሠራተኞች የማኅበር አመራር ሥልጠና እሑድ ከሰዓት፣ በአማርኛ፣ አለቃ በሌለበት ስጡ። ባለ ፋብሪካውንም የደመወዝ ሒሳቡን ከሠራተኛ መልቀቅ ኪሳራ ጋር አስቀምጦ እንዲያሰላ አግዙት፤ ነጋዴ ነው፣ ቁጥር ይገባዋል።

ለምሥራቅና ለምዕራብ ጎጃም ዞኖች የሥራና ሥልጠና መምሪያዎች ደግሞ ሦስት ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ዓመት ተቆጣጣሪዎቻችሁ ስንት ፋብሪካ ገቡ? ስንት ጉድለት አገኙ? ስንቱ ተስተካከለ? ቁጥሩን ላኩልኝ፤ ዜሮም ቢሆን እዚሁ ቻናል ላይ እንዳለ እለጥፈዋለሁ።