ለመንፈሳዊ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማን አለለት?

በመካነ ሰላም ግቢ ያለን ተማሪዎች ስለ ሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ ስንጽፍ «ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መቅደላ አምባ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኛም ይህን እንደግፋለን፤ አጎቱ ሙስሊም፣ አክስቱ ክርስቲያን የሆነ የቦረና ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ሊመኝ ይችላል? ነገር ግን ከቦረናና ከሳይንት ቅኔ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ መግባት የሚመኝ ወንድምም አለን። እዚያ የሚጠብቀው መምህር እንዴት ያለ ይሁን ማለት የእኛም ጉዳይ ነው።

ቅድስት ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከክፍሎቹ አንዱ የሆነ፣ በደርግ ዘመን የተዘጋ፣ ኋላም ተከፍቶ ዛሬ ራሱ ዩኒቨርሲቲ የተባለ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ሁሉ መምህሩ እምነቱንና ትምህርቱን አዋሕዶ እንዲያስተምር ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ዲግሪውን ይዞ ለመጣ ወጣት ጠመኔ ሰጥቶ «እግዜር ይርዳህ» ማለት ብቻውን አያዋሕድለትም። በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት የሚዘጋ፣ መካከሉ ግን ከየትኛውም ኮሌጅ ትምህርት የማይለይ ሰዓት ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም።

አገራችን መምህር ስታወጣ እንዲህ አልነበረም። በተድባበ ማርያም ይሁን በዋድላ የቅኔ ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ዓመታት ይቀመጣል፤ ከፍ ሲል ታናናሾቹን ያስጠናል፤ ሲሳሳት የኔታ እዚያው ያርሙታል፤ ሳያስመሰክርም ወንበር አይዘረጋም። ድጓ የተማረውም ለማስመስከር እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል። በወሎ ሐድራዎችም ደረሳው ሸኹን ኻድሞ፣ ኪታቡን ቀርቶ፣ ኢጃዛ ሳይቀበል ሌላውን አያቀራም። (አርጩሜውን ናፈቅን ያልን እንዳይመስላችሁ።) በሁለቱም ወገን ጀማሪው መምህር ብቻውን አልተተወም፤ ነገራችን ይኸው ነው።

አስቸጋሪው ስፍራ ግን ሌላ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን ክርክር በአዋጅ ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊምም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉት ያን ጊዜ ነው፤ እሺ ያላለው ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ ተዋጋ። ይህን ታሪክ አማኝ መምህር በቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ምን ይበል? አለባብሶ ቢያልፍ ታሪኩን በደለ፤ ቀኑንና ስሙን ብቻ ቆጥሮ ቢወጣም እምነቱን ደጅ አስቀርቶታል። በእኛ አስተያየት እውነቱን ሳይሸሽግ ተናግሮ፣ በግድ መጠመቅ በገዛ ሃይማኖቱ ሚዛን ምን እንደሚመዝን ተማሪዎቹን ቢጠይቅ፣ ያን ጊዜ ሁለቱ ተዋሐዱ። ግን በማግሥቱ «ሃይማኖት አቃለለ» የሚል ክስ ቢመጣና አስተዳደሩ ከጎኑ ባይቆም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መምህሩ ከደብተሩ ቀና ብሎ አያስተምርም። አጠገቡ ያሉትም አይተው ይማራሉ።

ስለዚህ አዲስ መምህር በመጀመሪያው ዓመት የሚያስተምርበት ሰዓት ተቀንሶለት፣ ከአብነት ቤት ካደጉ አንድ ሊቅ ጋር በየሳምንቱ ይቀመጥ እንላለን። እሱ የሊቁን ትርጓሜ ይስማ፤ ሊቁም ገብተው የእሱን የታሪክ ወይም የፍልስፍና ትምህርት ይስሙ። መማሩ በአንድ ወገን ከሆነ ወጣቱ እንደ ተቆጣጣሪ ያያቸዋል፣ ነገሩም ይበላሻል። በክፍል ውስጥ በቅንነት ለተነሣ ጥያቄ መምህሩ እንደማይከሰስ የሚያረጋግጥ ደንብም ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሰዓት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በሐድራ ያለፋችሁ የግቢያችን መምህራን አላችሁ። እናንተን ጀማሪ ሳላችሁ ማን አረማችሁ? በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን ገጹ ክፍት ነው።